አሁንም እያስተማሩ ነው?

በአራዳ ምድር አንዲት ጥያቄ እያሳደደችኝ ነው። ጥያቄዋ ክፉ አይደለችም። ጠያቂዎቹም ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ራሴ ያስተማርኳቸው፣ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጎንበስ ብለው ትከሻ የሚገጩኝ፣ አንቱታዬን ያልነፈጉኝ የተባረኩ ልጆች ናቸው። ከጊዮርጊስ ተነስቼ፣ አገር ምድሩ ሲቀጣጠርበት ወደኖረው ወደ ማህሙድ ሙዚቃ ቤት አካባቢ ስወርድ አንዱ የግድ ይይዘኛል። «ቲቸር!» ይላል። ዞር እላለሁ። ሰላምታው እንደ ወጉ ይደረደራል፤ እርስዎ እንዴት ነዎት፣ ቤት እንዴት ነው፣ ልጆች አደጉ፣ ጤና ነዎት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቀጥሎ ትንሽ ዝምታ። ከዚያ ትመጣለች።

«አሁንም እያስተማሩ ነው?»

አዎ፤ አሁንም እያስተማርኩ ነው። እስከዚህ ድረስ ምንም ችግር የለም። ችግሩ ከመልሴ በኋላ ያለው ነው። ልጁ ራሱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ዐይኑን ወደ ጫማዬ ያወርዳል፣ ከዚያ ከንፈሩን ይመጥጣል። ከንፈር መምጠጥን ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ ሁላችንም ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ያደግን ነን። አጭር አለ፣ ረጅም አለ፣ ከ«አይ!» ጋር የሚመጣ አለ፣ ከ«ምን ይደረግ» ጋር የሚመጣ አለ። ለእኔ የሚደርሰኝ ረጅሙ ነው፤ ሰውዬው አልጋ ከያዘ ሰንብቶ ሐኪሙም «ቤት ውሰዱት» ሲል የሚመጠጠው። «እስካሁን?» ይላል ቀጥሎ። «አይ ቲቸር! በርቱ እንግዲህ።»

ይኸው ነው ነገሩ። ትንሽ ነገር ናት፤ አውቃለሁ። ባለቤቴም «ተዋት» ብላኛለች። እሷ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነች አንድም ቀን «አሁንም እየደመርሽ ነው?» ብሎ የጠየቃት የለም። እኔ ግን ልተዋት አልቻልኩም፤ በተለይ በግንቦት።

ግንቦት የመምህር ወር ነው። ጠዋት ጸሐዩ አናት ይበሳል፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው በእንጦጦ በኩል ይሰበሰብና አንዳንድ ቀን ዘንቦ፣ አንዳንድ ቀን አስፈራርቶ ብቻ ይሄዳል። መጽሐፉ አላለቀም። መቼም አልቆ አያውቅም፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች የተጻፉት ለማን እንደሆነ እስካሁን አልደረስኩበትም። ስምንተኛ ክፍሎች ሰኔ ላይ ከተማ አቀፍ ፈተናቸውን ይወስዳሉ፤ ወላጅ ግን ዛሬም «ሚኒስትሪ» ነው የሚለው። ስለዚህ ክለሳ አለ፣ የቅዳሜ ማጠናከሪያ አለ፣ ሞዴል ፈተና አለ፣ እርማት አለ፣ ከእርማቱ በኋላ ሮስተር አለ። ሮስተር ምን እንደሆነ የማታውቁ ብፁዓን ናችሁ። ሥርዝ ድልዝ የሌለበት፣ ፍሉድ ያልነካው፣ ድምሩ ወደ ጎንም ወደ ታችም መግጠም ያለበት ሰፊ ወረቀት ነው። አንዲት ልጅ ሳይንስ ላይ ሁለት ማርክ ተረስቶባት ከሆነ የክፍሉ ደረጃ በሙሉ ይናጋል፤ ሦስተኛ የወጣው አራተኛ፣ አራተኛው አምስተኛ ይሆንና በማግሥቱ የሦስቱም እናቶች በር ላይ ናቸው።

በዚህ ወር ያቺ ጥያቄ እንደ ሌላው ጊዜ በአንድ ጆሮዬ ገብታ በሌላው አትወጣም። ይዛኝ ትዞራለች። ይዛኝ የዞረችውም ወደ ሐውልቶቹ ነው።

የማስተምረው ኅብረተሰብ ነው፤ ልጆቹ «ሶሻል» ይሉታል። ስለዚህ ሐውልት አይቼ ዝም ብዬ አላልፍም፤ የሙያ ልክፍት ነው። ከንፈር ተመጥጦልኝ ስመለስ አደባባዩ ላይ ቀና ብል ዐፄ ምኒልክ ፈረሳቸው ላይ ናቸው። ሐውልቱ የተመረቀው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ፣ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ፈረስ የፊት እግሮቹን መሬት አላሳረፈም። ታዲያ ማነው አንገቱን አቅንቶ «ጃንሆይ፣ አሁንም ፈረስ ላይ ነዎት?» ያላቸው? ከንፈሩንስ የመጠጠላቸው ማነው? ጣሊያኖች ብቻ ናቸው ያልወደዱላቸው፤ አዲስ አበባን ሲይዙ ሐውልቱን አውርደው ቀበሩት። ከነፃነት በኋላ ተቆፍሮ ወጥቶ ቦታው ላይ ቆመ። አባ ዳኘው ዛሬም እዚያው ናቸው፤ ማንም አላዘነላቸውም።

የጊዮርጊስን ካቴድራልም ተመልከቱ። ከዓድዋ ድል በኋላ የታነፀ፣ ስምንት ማዕዘን ያለው፣ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዘውድ የጫኑበት ነው። ፋሺስቶች በ1929 አቃጠሉት፤ በኋላ ታደሰ፣ የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎችም ገቡበት። ዛሬም ቅዳሴ አለ። ቄሱን በር ላይ አግኝቶ «አባ፣ አሁንም እየቀደሱ ነው?» የሚል ምእመን አላየሁም። መስቀል ተሳልሞ፣ ጫማውን አድርጎ ይሄዳል። ወደ ማዘጋጃ ቤቱ በኩል አለፍ ሲሉ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ፋሺስት የረሸናቸው አቡነ ጴጥሮስ አሉ። ሐውልታቸው በ2005 ለቀላል ባቡሩ ሥራ ተብሎ ተነሥቶ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ተወሰደ። ባቡሩ በመስከረም 2008 ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ መመላለስ ጀመረ፤ ሐውልቱም በዚያው ዓመት ተመለሰ። እንግዲህ ጳጳሱ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስደው ወደ ሥራ ገበታቸው ተመልሰዋል ማለት ነው። ሲመለሱ «አይ አባታችን፣ እዚያው ቀሩ?» ያላቸው የለም። የአራዳ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል።

ነገሩን ማቆም የነበረብኝ እዚህ ላይ ነበር። ሐውልትና መምህር ምን አገናኛቸው? አልቆመልኝም።

ምክንያቱም አራዳ የመሄድ አገር ናት። ገበያው እዚሁ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ ጣሊያን መጥቶ ወደ ምዕራብ ገፋው፣ መርካቶ ሆኖ ቀረ። አትክልት ተራ በ2012 በኮሮና ሰበብ ጃን ሜዳ ወረደ፤ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተሰደደ። ጣይቱ ሆቴል ጥር 2007 እሳት በላው፤ ጃዝ አምባም አብሮት ነደደ። በ2016 ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት ተመረቀና፣ በዚያው ሰሞን ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ። እኔ ተማሪዎቼን የማስታውሰው በሰፈራቸው ነበር፤ «የሰባ ደረጃዋ»፣ «ረጅሙ የዶሮ ማነቂያ»፣ «ያ የውቤ በረሃው ተንኮለኛ» እያልኩ። ስም ከመያዝ ይቀላል፤ በተለይ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ናትናኤል ካለ። አሁን ረጅሙ የዶሮ ማነቂያ አራብሳ ነው የሚኖረው። ሌሊት ተነሥቶ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሮ፣ የሰንደቅ ዓላማው ሰልፍ ካለቀ በኋላ ይደርስና በር ላይ ከዘበኛው ጋር ይነታረካል። ሰፈር ለውጥ ተብሎ ነበር፤ ትምህርት ቤት ግን አልለወጥም ብሏል። ለምን እንደሆነ ጠይቄው «ጓደኞቼ እዚህ ናቸው» አለኝ። እኔ ግን «ቲቸር፣ በእርስዎ ምክንያት ነው» እንዲለኝ ጠብቄ ነበር።

ብቻ፣ ሁሉም ሲሄድ እዚያው የተገኘው መምህሩ ነው። ዋጋውም ከንፈር ሆነ።

ወርቅ ሠሪውን ማን ጠየቀው? ዐይኑ ላይ ያቺን ክብ መስታወት ሰክቶ የሰዓት ሆድ ዕቃ ሲበረብር የሚውለውን ሰዓት ሠሪስ? «አሁንም እየጠገንክ ነው?» ቢሉት ሰዓቱን ለባለቤቱ እንደፈታታው ይመልስለታል። ሐኪም አይጠየቅም። ሾፌር አይጠየቅም። ደላላማ ጭራሽ፤ እሱ ምን ጊዜም እየደለለ እንደሆነ ይታወቃል።

መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ሰው የለመደውን ነውና በምርጫ መልክ አወጣሁት። «አሁንም እያስተማሩ ነው?» ሀ. አይ፣ ትቼዋለሁ፤ ክፍል እየገባሁ የምጮኸው በልማድ ነው። ለ. አንተ እስክታልፍ ስጠብቅ ነው የቆየሁት። ሐ. ምን ላድርግ፣ በር ዘግተውብኝ ሄዱ። መ. መልሱ አልተሰጠም። ስታፍ ሩም ውስጥ ለባልደረቦቼ ሳነብላቸው የሒሳቡ መምህር «ሠ ይጨመር፤ ሁሉም መልስ ናቸው» አለ። የእንግሊዝኛዋ መምህርት አልሳቀችም። እሷ ከክፍል ስትወጣ ልጅ ታስጠናለች፤ ባሏም መምህር ነው፣ ማታ ማታ ራይድ ይሠራል። አንድ ጊዜ የጫነው ሰው የድሮ ተማሪው ሆኖ ተገኘና እስከ ቦሌ ድረስ ሁለቱም አንድ ቃል አልተናገሩም አሉ። ሲወርድ ግን ልጁ መልሱን አልተቀበለም።

እነዚያ ከንፈር መጣጮች የማያውቁት ነገር ቢኖር እኔ ግንቦት ላይ ደስተኛ ሰው መሆኔ ነው። የማልቀናበት ቀን አለ፤ የምቀናበትም አለ፤ በጠቅላላው ግን ኑሮዬ አይከፋም። ደመወዝ በወጣ ሳምንት ጠዋት ቶሞካ ገብቼ እንደ ሰው ቆሜ ቡናዬን እጠጣለሁ። ወሩ ሲጋመስ ደግሞ የጀበናዋ ልጅ ጋ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፤ እዚያ ጭሱም ፈንዲሻውም በነፃ ነው። አንድ ዘመን ፒያሳና አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተን ነበር የምናነበው። ድንጋይ ላይ ተደርድረን፣ አንዱ የአንዱን ጋዜጣ በትከሻው አሻግሮ እያየ፣ አከራዩ «ሰዓት ሞላ!» እስኪል ድረስ። ያ ነገር ተመናመነ። እኔ ግን አዲስ ዘመን ግንቦት 30 ቀን 1933 የተወለደ ጋዜጣ ስለሆነ በየዓመቱ በዚያች ቀን አንድ እትም እገዛና አስቀምጣለሁ። ለምን? አላውቅም። የአንዳንዱ ሰው ሱስ ጫት ነው፣ የአንዳንዱ ኳስ ነው፤ የእኔ የጋዜጣ ልደት ነው። ሣጥኑ ሞልቷል። ባለቤቴ ለክረምት የምድጃ ማቀጣጠያ ያጠራቀምኩ መስሏት ዓይኗን ጥላበታለች።

ግንቦት ልደታም አለች። ወሩ ሲብት የሰፈሩ እናቶች ንፍሯቸውን ደጅ ይቀቅላሉ፤ ዳቦው ይቆረሳል፣ ቡናው ይፈላል። ቤት ውስጥ አይበላም፤ ሁሉም ከደጅ ነው። ከእርማት የጎበጠ ሰው ያቺን ትኩስ ንፍሮ በእፍኙ ይዞ፣ አንዷን ባቄላ ልጦ አንዷን ሽንብራ ቆርጥሞ፣ እማማ እንዲህ አሉ እትዬ እንዲያ አሉ ሲባል መስማት እንዴት እንደሚያሳርፈው የሚያውቅ ያውቀዋል። ዘንድሮ ተሰብሳቢው አነስ ብሏል፤ ንፍሮው ግን አልቀነሰም። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ዘገንኩ።

ከሁሉም በላይ ግን ደስታው ያለው የፈተና ወረቀቱ ውስጥ ነው። ሰው እርማት መከራ ይመስለዋል። መከራ ነው፤ ግን መሐል መሐል ላይ ጌታ ይጎበኛል። «የዓድዋ ጦርነት መንስኤ ምን ነበር?» ብዬ ጠይቄ አንዱ «የጣሊያኖች መምጣት» ብሎ ጻፈ። ቀይ እስክርቢቶዬን አንሥቼ ብዙ አሰብኩ። ምኑ ተሳሳተ? ሙሉ ማርክ ሰጠሁት። የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 አብራሩ ስል አንዲት ልጅ «አንቀጽ 17 በአማርኛ ጥሩ ጠባይ ነበረው፤ በጣሊያንኛ ግን ጠባዩ ተለወጠ» አለች። ይህን ነገር ከዚህ ባጠረና በተሻለ ሁኔታ የገለጸ መጽሐፍ ካለ አምጡልኝ። «የቀላል ባቡር ሁለት ጥቅሞችን ጥቀስ» ለሚለው ደግሞ «1ኛ ለመሄድ፣ 2ኛ ሲዘንብ ከድልድዩ ሥር ለመጠለል» የሚል መጣልኝ። ሁለተኛው ላይ ልጁ ራሱ ተጠልሎ እንደሚያውቅ ያስታውቃል፤ የመስክ ጥናት ነው። ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ብቻዬን ስስቅ ባለቤቴ ከመኝታ ቤት «ምን ሆንክ?» ትለኛለች።

እሺ። ይህን ሁሉ ያወራሁት ሰሞኑን ስለሆነው ነገር ላለማውራት ነው።

ከሥራ ወጥቼ አንድ ኬክ ቤት ገባሁና ማኪያቶዬን አዘዝኩ። ወረቀት ይዤ ነበር፤ አምስት ስድስት ላርም ብዬ ነው። ከወዲያኛው ጠረጴዛ «ቲቸር!» ተባለ። ወዲያው አወቅኩት። መስኮቱ ጥግ የሚቀመጥ ልጅ ነበር፤ በካርታ ትምህርት ሰሜንን ከደቡብ ለይቶ አያውቅም። ካርታ ማንበብ ያቃተው ያ ልጅ ዛሬ የሚኖረው በካርታ ነው፤ ቤትና ቦታ ያሻሽጣል። ስልኩን፣ ሌላኛውን ስልኩንና የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሮ ተቀመጠ። ሰላምታው አለቀ። ትንሽ ዝምታ መጣ። እኔም ማኪያቶዬን አስቀምጬ ጠበቅኳት።

«አሁንም እያስተማሩ ነው?»

«አዎ።»

መጠጠ። ረጅሙን። ከዚያ የፈተና ወረቀቶቹን በአንድ ጣቱ ገለጥ አድርጎ አየና «አይ ቲቸር» አለ፤ «እርስዎን የመሰለ ጭንቅላት!» ስልኩ ጮኸ፣ ተነሣ፣ ትከሻ ገጨኝና ወጣ። ሒሳብ ስጠራ አስተናጋጇ «ጋሼ፣ ተዘግቷል» አለችኝ። የእኔ አንድ ማኪያቶ። ከዚያ ከበሩ ተመለሰ። «ውይ ቲቸር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈታኝ ናት። የምትማረው ጥሩ ብር ከፍለን ነው፤ ግን ሶሻል ላይ... በተለይ ካርታ ንባብ አልገባትም። የቅዳሜው ማጠናከሪያ ላይ ጣል ቢያደርጓት?»

እንግዲህ ስሙኝ። እስካሁን የቀለድኩ ከሆነ አሁን አልቀልድም።

አንተ ሰውዬ፣ እኔ አሁንም እያስተማርኩ ባልሆን ኖሮ ልጅህን የት ነበር ጣል የምታደርጋት? የምታዝንልኝ ለምንድን ነው? ልጅህ ጎበዝ መምህር እንዲገጥማት ሻማ ታበራለህ፤ ልጅህ መምህር ልሁን ብትልህ ደግሞ ሽማግሌ ሰብስበህ ታስመክራታለህ። አገሩ በሙሉ እንዲህ ነው። ለልጃገረድ ሽማግሌ ሲላክ «ሥራው ምንድን ነው?» ይባላል። «መምህር» ይባላል። ዝም ይባላል። ከዚያ «ሌላስ?» ይባላል። ሌላ ምን? ይህች አገር የመጀመሪያ ዘመናዊ ትምህርት ቤቷን፣ ዳግማዊ ምኒልክን፣ ስትከፍት ቤተ ክህነቱ አውሮፓዊ መምህር ስላልወደደ ከግብፅ ኮፕቶች ተለምነው ነው የመጡላት። ያኔ መምህር ከባሕር ማዶ የሚመጣ ውድ ነገር ነበር። ዛሬ በየመንገዱ ስላለ ነው ከንፈር የሚመጠጥለት? በየካቲት 1966 የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር አድማ ሲመታ፣ ታክሲ ነጂዎችም በቤንዚን ዋጋ ሲነሡ፣ ከዚያ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ የሆነውን እናውቃለን። መምህር ማስተማር ሲያቆም ምን እንደሚከተል ይህች ከተማ አይታዋለች። ስለዚህ «አሁንም እያስተማሩ ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው «አዎ» ስለው «ተመስገን» ማለት ሲገባው፣ ጫማዬን አይቶ ማኪያቶዬን ይከፍልልኛል! የማኪያቶ ዕዳ የለብኝም። የቤት ኪራይ ጭማሪ አለብኝ፤ እሱን ግን አንተው ነህ በኮሚሽን የምታስጨምርብኝ። ማርክ ሲወርድ «ቲቸር፣ ትንሽ ይተባበሩን» የምትሉኝም እናንተው ናችሁ። የምትለምኑትን ሰው እንዴት ታዝኑለታላችሁ? ወይ ልመናውን ወይ ከንፈሩን፣ አንዱን ተዉ።

ይህን ሁሉ ኬክ ቤቱ ውስጥ አልኩት? አላልኩም። «ትምጣ» ነው ያልኩት።

ቅዳሜ መጣች። አባቷን ቁርጥ፤ መጥታም መስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። ማን እንደነገራት እንጃ። አትላስ ሰጠኋትና አዲስ አበባን ፈልጊ አልኳት፤ ሱዳን ላይ ጀመረች። ሰሜን ወደየት ነው ስላት በጣቷ ጣሪያውን አሳየችኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ልክ ናት አልኩ፤ ካርታ ላይ ሰሜን ወደ ላይ ነው ብለን ያስተማርናት እኛ ነን። በመስኮቱ እንጦጦን አሳየኋት። ሰሜን ያ ነው፤ ተራራው ፊት ለፊትሽ ከሆነ ቦሌ በስተቀኝሽ ወደ ኋላ ነው፣ መርካቶ በስተግራሽ ነው። ትንሽ ቆይታ «ታዲያ ፀሐይ የምትገባው መርካቶ ነዋ!» አለች። ክፍሉ እንደገና ሳቀ። እኔም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፤ ስህተት የለበትም። አባቷ ያኔ ይህን ብሎ ቢሆን ኖሮ ስንት ማርክ ባገኘ።

ከትምህርቱ በኋላ በር ላይ ሊወስዳት መጥቶ ነበር። አሁንም ሁለት ስልክ ይዟል። «እንዴት ናት?» አለኝ። «ደህና ናት፤ ከአንተ ትሻላለች» አልኩት። ሳቀ፤ ከልቡ ነበር የሳቀው፣ የጥርሱ ክፍተት እንኳ ያው የድሮው ነው። ልቆጣው አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። ምናልባት ጥያቄዋ እኔ እንደመሰለኝ አይደለችም ይሆናል። ምናልባት ሰፈሩ ሲፈርስ፣ ቤቱ ሲፈርስ፣ ያጠናበት ቤት ደጃፍ መንገድ ሲሆን፣ አንድ ያልሄደ ሰው አግኝቶ ማመን አቅቶት ይሆናል «እስካሁን?» የሚለው። ምናልባትም ዝም ብሎ ስለ ደመወዜ አዝኖ ነው። እንጃ። ሰኞ ሌላው ይመጣና ይመጥጥልኝ ይሆናል።

በዚህ መሐል አንድ ሌላ ነገር አሳሰበኝ። ክፍሎቻችን ጥቁር ሰሌዳቸውን ጥለው ነጭ ሰሌዳ እየለበሱ ነው። ጠመኔ ሲያልቅ ማለቁ ይታያል፤ እያጠረ እያጠረ ጣትህ ሰሌዳውን ሲነካው ታውቃለህ። ማርከር ግን ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ አንድ መስመር ጽፎ ይደርቃል። የደረቁትን ማርከሮች ሰብስቤ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ አንዳንዴ ክዳናቸው ተዘግቶ ካደረ ጠዋት ነፍስ ይዘሩ ይሆናል ብዬ ነው። አንዱ ብቻ ዘርቶ ያውቃል፤ አረንጓዴ ነበር። አረንጓዴ ደግሞ ከኋላ ለተቀመጠ ልጅ አይታይም።

ለማንኛውም፣ እስከ ሰኔ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማጠናከሪያው ይቀጥላል። የከፈላችሁም ያልከፈላችሁም ልጆቻችሁን ላኩ፤ በሰዓቱ ይምጡ። እርሳስ፣ ላጲስና አትላስ ይያዙ። ስልክ ይዞ መግባት አይቻልም። ማርከር የሚተርፋችሁ ካላችሁ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ላኩልኝ።